የሌላ ሰው ስግደት

ወንድምዓለም፣ በአባታችን አጥንት፣ የዛሬን እመነኝ። ያን ጊዜ ስልክብህ ሳቅክ፤ «እህቴ እኮ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ጣሊያን መጣ ትላለች» አልክ አሉ። ይሁን፣ ፈሪ ነኝ። አሁንም እየፈራሁ ነው የምጽፍልህ። ግን ፈሪም እውነት ይናገራል። ዛሬ ያላመንከኝን ነገ ብታምነኝ ለማናችንም አይጠቅምም።

ጤንነትህን ሳልጠይቅ ጀመርኩ፣ ይቅር በለኝ። እንደምን ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት አደረገህ? ጮቄ ላይ በየካቲትም ውርጭ አይለቅም ይላሉ። እግርህ ደረቀልህ ወይ? ጾሙንስ እንዴት ያዝከው? ጫካ ላለ ሰው ይፈታለታል ቢባልም አንተ እንደማትበላ አውቃለሁ፣ ልማድህ ነው፣ ከልጅነትህም ግትር ነህ። እኔ ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን፣ ሆዴ ገፍቷል፣ ከፋሲካ አያልፍም ትላለች አዋላጇ። ቡሬዋ ላም ወልዳለች። ብራናው ከአባታችን ከየኔታ መጻሕፍት መሐል የቀረ ነው፣ ቀለሙም የምጣድ ጥላሸት ነው፣ ፊደሉም ተማሪዎቹ ሲቆጥሩ ከግድግዳ ወዲህ ሆኜ የለቀምኳት ናትና ብትጣመምብህ አትሳቅ። የአክስታችን ልጅ አስማማው፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ይቺ ልጅ ፊደል ለየች፣ እንግዲህ ባል አታገኝም» ይለኝ አልነበር? አገኘሁ። እሱን አላገኝም እንጂ።

ይህን የምታደርስልህ ጤናዬ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። «ቶሎ በይ አንቺ፣ ኢያሱ አይደለሁ ፀሐይ የምትቆምልኝ» ትለኛለች። ስንቅህን ይዛ እንደምትወጣ ነግራኝ ነበር፣ ዛሬ ማልዳ ዱቄቱን ልትወስድ ስትመጣ ግን ፊቷ ልክ አልነበረም። ምነው ብላት፣ ወንድምሽ ምሏል አለችኝ። መምሬ አለበል ዛሬ ከደብረ ማርቆስ ሲመለሱ ጨሞጋ መሻገሪያው ላይ ሊጠብቃቸው ነው፣ እነአስማማውን የሸጠ ቄስ ይቺን ውሃ ተሻግሮ ቤቱ አይገባም ብሏል አለችኝ።

ወንድምዓለም፣ አትግደላቸው። እሳቸው አይደሉም። ይኸው ነው የምልህ፣ ሌላው ሁሉ እንድታምነኝ የምለፈልፈው ነው።

ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ እኔም እስከ ትናንት ድረስ ያንኑ እል ነበር። እነአስማማው የተሸሸጉበትን ዋሻ የምናውቅ ስንት ነበርን? አንተ ነህ፣ ቁስለኞቹን እየወጡ የሚያቆርቡ መምሬ ናቸው፣ ጤናዬ ናት፣ ዱቄቱ የሚሄደው ከኔ ቤት ነውና የኔ ቤት ነው። ከዚህ ሌላ ማን ያውቃል? አንተ አልተናገርክ፣ ጤናዬ ብትገረፍም አትናገርም። ሰዉ እንዲህ እንዲህ እያለ ቆጥሮ መምሬ ላይ ደረሰ። እኔ ቤት ላይ ማንም አልቆመም። የአርበኛ እህት ቤት ናታ!

ከመጀመሪያው ልንገርህ። በኅዳር፣ ያን ቅዳሜ፣ ማርቆስ ገበያ ቅቤ ይዤ ወርጄ ባንዶች የያዙኝን ታስታውሳለህ። «የሽፍታው እህት ይቺ ናት» ብሎ አንዱ ጠቆመ፣ ቅቤውን ደፉት፣ እኔን ምሽጉ ወስደው ጨለማ ቤት ዘጉብኝ። ግድግዳው ላይ የሰው ጥፍር ነበረበት፣ ሌላውን አልነግርህም። ገብርኤልን ለመንኩ። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ እኔንም አውጣኝ፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን እንኳ ለማንም አልተናገርኩም፣ አንተ ታውቃለህ፣ ካወጣኸኝ ጥላ አገባልሃለሁ አልኩ። ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ በሩ ተከፈተና አንድ ሹምባሽ፣ የባንዶቹ አለቃ፣ «ሂጂ» አለኝ። በቃ፣ ሂጂ። ማንም አልነካኝ፣ ማንም አልጠየቀኝ። እግሬ እየተጠላለፈ ሮጥኩ፣ ጨሞጋን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም።

ቤት ስደርስ አረፍ በይ የሚለኝ አጣሁ። ሳትቀመጪ ጤናዬን ላኪ፣ ቁስለኞቹ ዛሬውኑ ከዋሻው ይነሱ፣ ወንድምሽን በሞቴ በይው ተባልኩ። እኔም ፈራሁ፣ እንዲሁ መለቀቄ ራሱ አስፈራኝ፣ ላክሁብህ። አንተ «ገብርኤል ፈትቷት ምን ያስፈራታል? ትጸልይ» ብለህ መለስክ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ዋሻው ነደደ። ከቁስለኞቹ መነሳት ያልቻለው እዚያው ቀረ፣ አስማማውንና ሁለት ጓደኞቹን እየጎተቱ ወስደው ምሽጉ በር ላይ ሰቀሏቸው።

አንተን ለመውቀስ አይደለም። አምላክ ያውቃል አይደለም። ሁላችንም ተአምር ነው ብለን ነው።

በዚያው ሳምንት መምሬ ምሽጉ ገቡ። ሲገቡ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ነበር፣ ሲወጡ ግን የሶላቶ ካፖርት ለብሰዋል። አገር ሁሉ አያቸው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በሶ በስልቻ ይዘው ይሄዳሉ። ለምን ይሄዳሉ ሲባል ደመወዝ ሊቀበሉ ነው ተባለ። «ካፖርታሙ» አሏቸው። «የሶላቶ ቄስ» አሏቸው። ጎረቤት ልጁን ሊያስጠምቅ ሌላ ደብር ተሻገረ፣ ሰው ሁሉ የንስሐ አባት ቀየረ። እኔም ልቀይር ብዬ ነበር፣ ቤት ውስጥ «ተይ» ተባልኩ፣ «መምሬን አትልቀቂ» ተባልኩ፣ ተናድጄ ተውኩት።

የአስማማው ለቅሶ ያለ ሬሳ ነው የተለቀሰው። አክስታችን ማንጠግቦሽ ቀሚሱንና ጎራዴውን መሬት ላይ ዘርግታ ደረቷን ስትደቃ መምሬ መጡ። ሰው መንገድ አልለቀቀላቸውም፣ በጎን በጎን ብለው ገቡ። መስቀላቸውን አወጡና ሊያሳልሟት ጎንበስ ሲሉ ተፋችባቸው። ጢማቸው ላይ። ወንድምዓለም፣ ከለቀስተኛው አንድ ሰው እንኳ ኧረ አላለም፣ እኔም ደስ አለኝ። መምሬ አልጠረጉትም። «እህቴ፣ ጌታ በምራቁ አፈር ለውሶ ለዕውሩ ዓይን ሠራለት፤ ያንቺም ምራቅ እንዲያው አይቀርም» አሏት። እሷ «ለዓይንዎ ይሁንዎ! የልጄን ሥጋ ሲበሉ እንዲያዩበት!» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፣ መስቀሉን ዘረጉልኝ፣ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ሸፈንኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ የሳምኩትን መስቀል። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው መስቀሉን ራሳቸው ሳሙትና ሄዱ።

ደግሞ የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት መምሬ ጥፋታቸውን አመኑ ተባለ። ስለቴን ይዤ ጥላውን ዘርግቼ ስገባ መምሬ ቤተ መቅደስ አልነበሩም። ከቅጽሩ ውጪ፣ ከወይራው ሥር፣ ጫማቸውን አውልቀው እንደ ተገዘተ ሰው ቆመዋል። አለቃው ምነው ገብተው አይቀድሱም ቢሏቸው «ቀኖና አለብኝ» አሉ። በቃ! ራሱ አመነ፣ ምን ምስክር ያስፈልጋል፣ ንጹሕ ቢሆን ምን ቀኖና ይኖርበታል፣ ሰው ሁሉ ያንን እየተቀባበለ ሄደ። እኔ እልል እያልኩ ጥላዬን ሳስገባ መምሬ አንገታቸውን ደፍተው ሲያለቅሱ አየሁ፣ ኃጢአቱ አስለቀሰው አልኩ። የኔ ሰው ደግሞ አብሮኝ አልገባም ነበር፣ በቅሎ ልጠብቅ ብሎ እዚያው ወይራው አጠገብ ቀረ። በቅሎ የሚጠብቅ መቼ ጠፋ? አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን ወዲህም ሁልጊዜ የሚጠበቅ በቅሎ አለ፣ ወይ የሚታሰር ጥጃ አለ፣ ወይ እግሩን ያመዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ግንባሩ ላይ አፈር አለ። ምንድነው ስለው ድርቆሽ ሳወርድ ነው ይላል።

እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ዓይኔ እያየ አላየሁም።

ትናንት ምንጭ ወርጄ ጥሩነሽ መጣች። ጥሩነሽን ታውቃታለህ፣ ባንዶች በግድ ወስደው ምሽጉ ውስጥ ውሃ የሚያስቀዷት፣ እናቷ ታመው ቀን ፈቅደውላት ነው የመጣችው። ሴቶቹ እንዳዩዋት እንስራቸውን እየጎተቱ ራቁ፣ «የሶላቶ ውሃ ቀጂ፣ ምንጩን አታርክሺብን» አለቻት አንዷ። እሷም ቀላል ሰው አይደለች፣ «አይዞሽ፣ ያንቺ አፍ ካላረከሰው የኔ እግር አያረክሰውም» አለቻት። እኔ ሆዴን ይዤ መሮጥ አልቻልኩምና ቀረሁ። እንስራዬን ልታሸክመኝ መጣች፣ «ነፍሰ ጡር ባትሆኚ አላነጋግርሽም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ቁጭ አለችና «እናንተ እዚህ ሆናችሁ ቄሱን ይሁዳ ትሉታላችሁ አሉ። ይሁዳ ጋቢውን አውልቆ ሬሳ ገነዘ ወይ?» አለችኝ። አልገባኝም። የተሰቀሉትን ማንም እንዳያወርድ ተከልክሎ ነበር፣ አሞራ እየዞራቸው፣ መምሬ መጥተው የጣሊያኑ አዛዥ ማጆሩ ፊት ተንበረከኩ አለች። ማጆሩ ተቆጣ፣ ሲቆጣ እንደ ድልህ ነው የሚቀላው፣ ባንዳው በሰደፍ ደረታቸውን መታቸው፣ ወደቁ፣ ተነሱና ደግመው ተንበረከኩ። እንደገና መታቸው፣ እንደገና ተንበረከኩ። በመጨረሻ ሰለቸውና አውርደህ ውሰድ አላቸው። አስማማው ዕራቁቱን ነበር። መምሬ ጋቢያቸውን አውልቀው ከፈኑት፣ ፍትሐት ፈትተው ከምሽጉ በስተጀርባ ቀበሩት፣ ሁለቱንም እንዲሁ። መቃብሩን ለማንም እንዳይናገሩ አስምለዋቸዋል፣ ከታወቀ ሰው ሊሳለመው ይመጣል፣ ያኔ ቆፍረን ለጅብ እንሰጠዋለን ብለው። ሲወጡ ብርዱ ሲያንዘፈዝፋቸው አንድ ልጅ እግር ሶላቶ ካፖርቱን አውልቆ ወረወረላቸው፤ እሱም ያለቅስ ነበር አለችኝ። ታዲያ ለምን አይጥሉትም ብላት፣ «ሌላ ጋቢ ማን ሸምኖ ሰጣቸውና?» አለች። ወንድምዓለም፣ ማን ሰጣቸውና። በየሳምንቱ በሶውን የሚወስዱት ለእስረኞቹ ነው። ነገ ሊሰቀሉ የተፈረደባቸውን እያናዘዙ ነው የሚውሉት። ዛሬም ለዚያ ነው የሄዱት።

ማንጠግቦሽ ልጇን በጋቢው የከፈነላትን ሰው ጢም ላይ ነው የተፋችው። እኔም ደስ ብሎኝ ቆሜ።

በዚህ ቢበቃኝ ምናለ። ጥሩነሽ እንስራውን ጀርባዬ ላይ ስታወጣ «አንቺ ደሞ ገብርኤል ፈታኝ ብለሽ ጥላ አገባሽ አሉ» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እኔ ያን ቅዳሜ በሩ ላይ ውሃ ተሸክሜ ቆሜ ነበር። ያስፈታሽን አይቼዋለሁ። ክንፍ አልነበረውም» አለችኝ። ማነው አልኳት። ሆዴን አየችና «ሂጂ፣ ውሃው ይከብድሻል» አለችኝ።

ቤቴ አልሄድኩም። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞርኩ፣ እንስራውን ቅጽሩ ሥር አወረድኩ። መምሬ ከወይራው ሥር ይሰግዳሉ፣ ካፖርቱ ሲወድቁ እየከበዳቸው፣ በደረቅ ጾም፣ ያ የተመታ ደረታቸው ሲያቃስት ይሰማኛል። ጠበቅኳቸው። እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ራሴ ስቤ ሳምኩት፣ ሲያዩኝ ግራ ገባቸው። «አባ፣ ይህ ስግደት የማን ነው?» አልኳቸው። «የልጄ» አሉኝ። የትኛው ልጅዎ አልኳቸው። «ለቄስ የትኛው የሚባል ልጅ የለውም» አሉኝ።

ያኔ የአባታችን ትምህርት መጣብኝ። ታስታውሳለህ? የንስሐ አባት ማለት ለልጁ ቀኖና ሰጥቶ ዘወር የሚል አይደለም፣ ሸክሙ ከከበደው ግማሹን ራሱ ይሰግድለታል፣ ደጅ ካቆመው አብሮት ደጅ ይቆማል ይል ነበር የኔታ። አንተ ከውስጥ፣ እኔ ከግድግዳ ወዲህ ሆነን ሰምተነዋል። ይህን የማያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ አለ? የለም። ሁላችንም እያወቅነው፣ መምሬ ደጅ ቆመው ሲሰግዱ ስናይ የራሳቸው ኃጢአት ነው አልን። የሌላ ሰው ሸክም ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ። የሰውየውን ስም እንዳይናገሩ ደግሞ የንስሐ ቃል አፋቸውን ይዞታል፣ ቢታረዱም አይናገሩም። እኛም ዝምታቸውን አየንና ፈረድን።

«አባ፣ የልጅዎ ኃጢአት ምን ያህል ቢከብድ ነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ። የምታዪውን እዪ፣ አይተሽ ግን አትፍረጂ፤ ሚዛኑ ያንቺ አይደለም» ብቻ አሉኝ።

ገባሁ። በሬ አልተጠመደም ነበር። ከጎተራው ጀርባ ድምፅ ሰማሁ፣ መውደቅና መነሳት፣ መውደቅና መነሳት፣ እዚያ ወይራው ሥር የሰማሁትን ያንኑ ድምፅ። እንስራዬን እንደተሸከምኩ ቆምኩ። የኔ ሰው መምጣቴን ሲያውቅ ከመሬት አልተነሳም። ግንባሩ አፈሩ ላይ እንዳለ «ዋሻው ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር» አለ። ያን ማታ ጤናዬን ላኪ፣ ዛሬውኑ ይነሱ እያለ ያጣደፈኝ የሱ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ቅዳሜና ሰኞ። እነዚያን ሁለት ቀኖች አንድ ጊዜ እንኳ አጠጋግቼ አይቻቸው አላውቅም ነበር፣ ወንድምዓለም። አንዱ የተአምር ቀን፣ አንዱ የለቅሶ ቀን ነበር ለኔ።

ስሙን አልጽፍም። አንተ ራስህ ሰርጌ ላይ አቅፈህ ስመኸዋል።

ልጠላው ፈለግሁ፣ አቃተኝ። ላቅፈው ፈለግሁ፣ አስማማው እየሳቀ መሐላችን ቆመ። ውሃ ቀዳሁና ግንባሩን አጠብኩለት፣ ሌላ የማደርገው አጣሁ። ያ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰውዬ፣ ጌታ ሲያበራለት፣ ደስ አለው ይላሉ ሲተርኩት። እኔ መጀመሪያ ያለቀሰ ይመስለኛል። ሲለምንበት የኖረውን አቧራ አይቶ፣ እሱን ሲመራ የኖረውን የእናቱን እግር መሰነጣጠቅ አይቶ። እኔ በሁለት እግሬ ከዚያ ጨለማ ቤት ወጥቼ የመጣሁት በማን እግር ላይ ረግጬ እንደሆነ አየሁ። በእልልታ ያስገባሁት ጥላ የማን ደም እንደነበረ አየሁ። እነሆ ይሄ ነው የበራልኝ። ባይበራልኝ ይሻል ነበር ልልህ ነበር፣ ግን አይሻልም። ባይበራልኝ ዛሬ አንተ መምሬን ስትገድል እኔ እልል እል ነበር።

አሁን ስማኝ፣ ዋናው እዚህ ጋ ነው፣ ጤናዬ ተነስታ ቆማለች።

ጠዋት ጤናዬ መሐላህን ስትነግረኝ እሱ ከግድግዳው ውጪ ቀንበር ይጠርብ ነበር። መጥረቢያው ዝም አለ። ወጥቼ ሳይ የለም። እስከ አፋፉ ሮጥኩ፣ በዚህ ሆዴ። መምሬ ስልቻቸውን ይዘው ወደ ጨሞጋ ሲወርዱ እሱ ደርሶባቸዋል። መሐላህን እንደነገራቸው ገባኝ፣ መምሬ ቆሙ፣ እጃቸውን ሲያወራጩ አየሁ፣ ተመለስ ይሉታል መሰለኝ። እሱ አልተመለሰም። እሳቸውም አልተመለሱም፤ ነገ የሚሰቀሉት ሳይናዘዙ ይቀሩባቸዋላ፣ እሳቸውን ምን ይመልሳቸዋል። ተያይዘው ወረዱ። ወንድምዓለም፣ ካህንን ቀድሞ የሚሄድ ሰው በአገራችን አይተህ ታውቃለህ? እሱ ግን ፊት ፊት ነው የሚሄደው፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ደረቱን ገልጦ፣ እሳቸው ከጀርባው። እኔ ያን አካሄድ አውቀዋለሁ። ከብት ሲነዳ እንዲህ አይሄድም፣ ገበያ ሲወርድ እንዲህ አይሄድም። ማታ ሲመለሱም እንዲሁ ነው የሚመጣው፣ መሻገሪያው ላይ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

መምሬን አትተኩስባቸው ብዬ ልጽፍልህ ነበር ብራናውን ያወጣሁት። ያ ቀላል ነበር፣ ንጹሕ ናቸው ብል ታምነኝ ይሆናል። አሁን የምለምንህ ከዚያ ይከብዳል። ከፊት የሚመጣውንም አትተኩስበት። ንጹሕ ነው አልልህም። አልዋሽህም። የአስማማው ደም አለበት፣ የቁስለኞቹ ደም አለበት፣ ሰኞ እስኪነጋ ባዶ እንዲሆን የለመነው ዋሻ አለበት። አንተ ብትጠይቀው አይክድህም፣ ለዚያ ነው የሚመጣው። ግን ደሙ ዋጋ የሆነው ለኔ ነው፣ የተገዛሁት እኔ ነኝ፣ ካልቀረልህ ወደኔ ና። ደጄ ክፍት ነው። እኔን ስታይ ምን እንደምታደርግ ያኔ ታውቃለህ። መምሬ እንኳ የሱን ግማሽ ተሸክመው ደረታቸው ተሰብሮ እየሰገዱ ነው። የኔንም ግማሽ የሚሸከም ያስፈልገኛል፣ ወንድም ያለኝ አንተ ብቻ ነህ።

ማንጠግቦሽ ዘንድ እኔው እሄዳለሁ። ልጇ በምን እንደተከፈነ እነግራታለሁ፤ የት እንዳለ ግን መምሬ ምለዋልና አልናገርም። ሌላውን እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። ብትተፋብኝ አልጠርገውም።

የኔታ የባረከህ በረከት አይለይህ። ጥይት ይሳትህ፣ ውርጭ ይለፍህ፣ የእመቤታችን ጥላ ከጮቄ ደመና በላይ ይዘርጋልህ። የምወልደውን በስሙ የምትጠራው አንተ ሁን እንጂ ተዝካርህን የምደግስ አያድርገኝ። ለጓደኞችህ ሁሉ ሰላም በልልኝ፣ ልብሳቸውን የምታጥብላቸው እናት በደህና ታግኛቸው።

መልስ አትጻፍልኝ፣ ጊዜ የለም። መሻገሪያው ላይ ካለው ጋራ ሆነህ ተጣራ፣ ከብት የጠፋበት ሰው እንደሚጣራ፣ ነፋሱ ወደዚህ ነው፣ ይሰማኛል። ምንም አትበል፣ ስሜን ብቻ ጥራ። ከጠራኸኝ ሁለቱም ተሻገሩ ማለት ነው። አፋፉ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ብርዱ ግቢ ቢለኝም አልገባም። ወንድምዓለም፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ጥራኝ። አቤት እልሃለሁ።

እህትህ